ከሦስት ቀጥሎ

እኛ ፋብሪካ ውስጥ አራተኛ የሚባል ነገር አልነበረም። ፎቁ ከሦስት ወደ አምስት ይዘላል፣ የመገጣጠሚያው መስመርም እንደዚያው፤ የሠራተኞች ቁም ሳጥን እንኳ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል። በእኛ አፍ፣ በቻይንኛ፣ አራትና ሞት አንድ ቃል ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚለያቸው ድምፁ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። እኔ በዚህ አላምንም። አላምንም እያልኩ ግን አራት ቁጥር ቤት በርካሽ ሲሰጡኝ አልተከራየሁም፣ ስለዚህ በሰው ላይ የምስቀው በልክ ነው።

የማወራችሁ ስለ ቱ ሺዩልዋን ነው። ሁላችንም እትዬ ልዋን ነበር የምንላት። ጆንግሄ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ፣ በምንሠራበት ፋብሪካ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበረች። ግምጃ ቤቱ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ መስመሩ ምድር ቤት ነው፤ ስለዚህ እኛ ታች ያለነው ከፊቷ ይልቅ በውስጥ ስልክ የሚመጣውን ድምፅዋን ነበር የምናውቀው። ጉንጯ ውስጥ ሁልጊዜ ፕለም የሚባል የደረቀ ፍሬ ስለሚኖር ስታወራ ትንሽ ትኮላተፋለች። ዕቃ ጠፍቶባት አያውቅም። ግን መጨነቅ ሌላው የሥራ ድርሻዋ ይመስል ነበር፤ አውቶቡስ ፌርማታ ደርሳ «በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ?» ብላ ትመለሳለች፣ ቆልፋው ታገኘዋለች፣ እንደገና ቆልፋው ትሄዳለች። እኔ፣ ያን የምባለው የፍተሻ ክፍሉ ሰው፣ «እትዬ፣ አንቺ ስትሞቺ ሣጥኑ መቆለፉን ካላየሽ አትቀበሪም» ብዬ ቀልጄባት አንድ ሙሉ ሳምንት አኩርፋኛለች። ቀልዱ ደስ ስላላላት አይደለም ያኮረፈችው፣ ያንን ቃል ስላልኩ ነው።

ባሏ ጂንቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በየፌርማታው «ወራጅ አለ?» ብሎ የሚጮኸው ድምፅ ከሞተሩ ይበልጥ ይሰማል ይባልለታል። ሳቂታ፣ ወፍራም፣ ከመሪው ጎን የሻይ ብልቃጥ የማይጠፋ ሰው። እሷ ተጨንቃ እሱ ስቆ፣ ሁለቱ ተመጣጥነው ይኖሩ ነበር።

አሁን ስለ ሥራችን ጥቂት ልበል፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በዚያ ዘመን ፒሲ፣ የግል ኮምፒውተር፣ ማለት ለብዙ ሰው ደህና ታይፕራይተር ማለት ነበር። እኛ የምንሠራው ግን ከዚያ ከፍ ላለው ማሽን፣ ድልድይና ሞተር ለሚነድፉ መሐንዲሶች ለሚሆነው ወርክስቴሽን ነው። ሁለት ፕሮሰሰር በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ ሚሞሪው እስከ አፍንጫው። በመካከላቸው የሚቀመጠው ቺፕሴቱ ነው። ደላላ በሉት፤ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን ከሚሞሪ ያመጣለታል፣ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲሻሙ ተራ ያስይዛቸዋል። ደላላው ሲሳሳት ማሽኑ ቢቆም በወደድን ነበር። አይቆምም፣ ይዋሻል።

ቺፖቹን የሚሠሩልን ሺንቹ ከተማ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጉድለቱን ባረሙ ቁጥር ጀርባው ላይ የሚታተመውን ቁጥር በአንድ ከፍ ያደርጉታል። ሦስተኛው ቺፕ፣ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች አብረው ሲጣደፉ ይደናበር ነበር። አርመው ላኩልን፤ ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም አራት ቁጥር ታትሞበታል። የሺንቹ ሰዎች አሜሪካ ተምረው የመጡ ናቸው፣ ፍርሃታቸውን እዚያው አውሮፕላን ጣቢያ ጥለውት የመጡ መሰለኝ።

እትዬ ልዋን ሳጥኑን ስትከፍት ፊቷን አዞረች።

«ይሄን ደግሞ ምን ብዬ ልጥራው?»

«በስሙ ጥሪው» አልኳት።

«አንተ ጥራው! ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ምን ይነካብሃል!»

ከዚያ በኋላ «ከሦስት ቀጥሎ ያለው» አለችው። እኛም ተቀበልናት። «እትዬ፣ ከሦስት ቀጥሎ ያለውን አንድ ሳጥን አውርጂልን» ስንላት ታወርዳለች፣ ሁሉም ሰው ይግባባል፣ የማንም ቆዳ አይሸማቀቅም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ተስማምቶኝ ነበር።

ቀጥሎ አምስተኛው መጣ፤ የበፊቱም ገና አላለቀምና በሁለቱም እንሠራ ነበር። አምስተኛው ለብቻው የሆነ መነሻ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ በሌላ ትንሽ ቺፕ ላይ ተጭኖ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይሰካል። የአምስትን ፕሮግራም ከቀድሞው ቺፕ ጋር ብታጋቡት ማሽኑ ደህና ይነሳል፣ ደህና ይሠራል፣ ሚሞሪው ሲሞላና ሲሞቅ ግን አልፎ አልፎ አንዱን ቁጥር በሌላ ይለውጣል። በእኛ ፍተሻ ይህ አይያዝም፤ ያን ጊዜ ሚሞሪ እንደ ወርቅ ተወዶ ስለነበር የምንፈትሸው በግማሽ ሚሞሪ ነበር። ድልድይ የሚነድፍ ሰው አንድ ቁጥር ሳያውቀው ሲለወጥበት ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

በዚያው ሰሞን ጂንቱ ታመመ። ታምሞ ቆይቶ ነበር፣ ሸሽጎ ነው እንጂ። የሚወደውን የአሳማ ጥብስ ትቶ በሩዝ ሙቅ ብቻ ሲውል «ውፍረቴን ልቀንስ ብዬ ነው» ይላት ነበር። አንድ ቀን መሪው ላይ ደፋ ብሎ ተገኘ። ሆስፒታል ሲወስዱት ጨጓራው ላይ እጢ አለ፣ ቶሎ መከፈት አለበት ተባለ። አማቷ፣ የጂንቱ እናት፣ ከደቡብ፣ ከገጠር መጡ። የዚያን ቤት አየር መገመት አያቅትም፤ አማቷ በቤቱ ውስጥ «ቢሆን»፣ «ምናልባት»፣ «ካልሆነ» የሚሉ ቃላትን ሁሉ ከለከሉ።

«ልጄ ከቢላው ሥር እስኪወጣ ድረስ ከአፍሽ ክፉ ቃል እንዳይወጣ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ እማማ።»

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ሥራ ገባች። «ቤት ብቀመጥ አብዳለሁ» አለችኝ። ፕለሙን ረስታው መጥታለች፣ በድምፅዋ አወቅኩ፤ አትኮላተፍም ነበር። ለጀርመን ደንበኛ የሚሄደው ትልቁ ጭነት መስመር ላይ ነበር። መነሻ ፕሮግራሙን የሚሰካው ኢንጂነር ዌንግ ነው፣ በቅርቡ ከታይናን የመጣ፣ ጨዋ፣ አንገቱን ሰብሮ የሚሠራ ልጅ። ቺፖቹ ላይ የሙቀት ማውጫ ብረት ቀድሞ ተለጥፎባቸው ስለነበር የጀርባቸው ቁጥር አይታይም። ስልኩን አነሳ።

«እትዬ ልዋን፣ ለጀርመኖቹ ያወረድሽልን የትኛው ነው?»

«ከሦስት ቀጥሎ ያለው።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋ። እኔ በዚያች ሰዓት ምሳ ላይ ነበርኩ።

በማግስቱ ጂንቱን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገናው ፎቅ ሲወስዱት እትዬ ልዋንና አማቷ ተከትለው ሊፍት ውስጥ ገቡ። ጂንቱ በሰመመኑ መድኃኒት ዓይኑ ከደን ከደን እያለ ጣቷን ይዟታል። ሊፍቱ ውስጥ ቆብ ያደረጉ አንድ የገጠር ሽማግሌ ቁልፎቹን እየተመለከቱ ግራ ተጋብተዋል።

«ልጄ፣ ከሦስት ቀጥሎ ስንት ነው እዚህ?» ብለው ነርሷን ጠየቁ።

«አምስት ነው አባባ። ቀጥታ አምስት።»

እትዬ ልዋን ያን ጊዜ የተሰማትን በኋላ ነግራኛለች። «ያን፣ ሊፍቱ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ ቁልቁል ወረድኩ» አለችኝ። የዌንግ «እሺ» ጆሮዋ ላይ ተመልሶ መጣ። ልጁ አዲስ ነው። ለቺፑ ያንን ስም ስናወጣ አልነበረም። በፎቁም፣ በመስመሩም፣ በቁም ሳጥኑም፣ ያ ልጅ ፋብሪካው ውስጥ ሲዞር የሚያየው ከሦስት ቀጥሎ አምስት መሆኑን ነው።

ጂንቱን አስገቡት። በሩ ተዘጋ። ከበሩ ጎን ሳንቲም የሚበላ ቀይ ስልክ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ከስልኩ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፣ አግዳሚው ላይ ደግሞ አማቷ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የሌሎች ሕመምተኞች ዘመዶችም በዙሪያቸው ነበሩ፣ ሁሉም በሩን የሚያይ። ሐኪሙ «ከዚህ እንዳትርቁ፣ ልጠራችሁ እችላለሁ» ስላለ ሌላ ስልክ ፍለጋ መውረድ አልቻለችም። ጭነቱ ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ይወጣል። ሳንቲም ከትታ ደወለች።

እኔ ሰሌዳዎቹን በሙቀት የምንፈትንበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የፍተሻ ክፍሉ ስልክ በጫጫታው ምክንያት በድምፅ ማጉያ ነው የሚሠራው፣ ያነሳው ዌንግ ነው።

«ዌንግ፣ ጭነቱን አስቁም! የትኛውን ፕሮግራም ነው የሰካኸው?»

«የአምስትን ነዋ እትዬ። አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

«አይደለም፣ እሱ አይደለም! የበፊቱ ነው፣ ቀደም ያለው!»

«ሦስተኛው? ሦስተኛውማ ተመልሶ የለ እንዴ?»

«ሦስት አይደለም!» ዞር ብላ አማቷን አየች። አሮጊቷ ቀና ብለው እያዩአት ነው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለትና ሁለት።»

«ሃያ ሁለት? እትዬ፣ አይሰማም፣ ማራገቢያው ይጮኻል!»

«ከአምስት አንድ ሲቀነስ!»

«አዎ አምስት፣ እሱን ነው ያልኩሽ፣ አምስትን ነው የሰካነው!»

ሌላ ሳንቲም ከተተች። በሩ ላይ ያለው መብራት ቀይ ነው፣ ከበሩ ወዲያ ሆዱን ከፍተውታል፣ እሷ ደግሞ አፏ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር ይዛ ቆማለች። «ባልናገረው ምን አለበት?» ብላ አሰበች፤ ይህን ራሷ ነው የነገረችኝ። ሥራ አስኪያጁ ነገ ይሰማል፣ ጭነቱ ጀርመን ሲደርስ በቴሌክስ መልእክት ይመለስ ይባላል፣ ዌንግን ያባርሩታል፣ እሷንም። ወይም ደግሞ ማንም አያውቅም፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው የሆነ ድልድይ ይሠራል። አውቶቡስ የሚያልፍበት ድልድይ። ይህ ነው አንጀቷን የቆረጠው፤ አውቶቡሱን ስታስብ የጂንቱ አውቶቡስ ሆኖ ነው የታያት።

«እትዬ፣ ሹፌሩ ሊወጣ ነው፣ ሞተር አስነስቷል» አለ ዌንግ። «የጭነት ኃላፊው ቁጥሩን ሳይሰማ መኪና አያስቆምም። ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ።»

እኔ ከሙቀቱ ክፍል በር ከፍቼ ስወጣ የሰማሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። በማጉያው በኩል መላው መስመር ሰማው።

«አራት! አራት ነው! አራት፣ አራት!»

መስመሩ ላይ ያሉት ልጃገረዶች የያዙትን ይዘው ቀሩ። አንዷ አፏን በእጇ ከደነች። ባሏ ቀዶ ጥገና ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እኔ ነገሩ በቅጽበት ገባኝ፣ ተንደርድሬ ወጥቼ መኪናው ፊት ቆምኩ፤ ሹፌሩ እንደ ጫት የሚያኝከውን የአሬካ ቅጠል ትፍ ብሎ «እብድ ነህ እንዴ አንተ ሰው!» ብሎ ሰደበኝ። ሰደበኝም አልሰደበኝም አልተንቀሳቀስኩም። አንዱን ሰሌዳ አውርደን ብረቱን ስንፈለቅቀው ያው ነጭ ቁጥር ፍጥጥ ብሎ አየን። ዌንግ ፊቱ አመድ መሰለ። ጀርመኖቹ በኋላ ስለ መዘግየቱ ጮኹ፣ ሥራ አስኪያጁም ጮኸ፣ ጩኸቱ ጥቂት ቆይቶ በረደ፤ ጭነቱ ተስተካክሎ ሄደ።

እዚያ ኮሪደር ላይ ግን የተነሳው አልበረደም። መኪናውን አስቁሜ ስመለስ ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ አማቷ «በልጄ ደጃፍ! በልጄ ደጃፍ ላይ!» ሲሉ በማጉያው ይሰማናል። ከዚያ ሳንቲሙ አለቀና ዝም አለ። ልጃገረዶቹ እርስ በርስ አይተያዩም። እኔ የማላምነው ሰውዬ፣ ሄጄ የውጪውን በር ዘጋሁ፣ ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም።

የኮሪደሩ ሰዎች ከእሷ ፈንጠር ብለው ቆሙ። አማቷ ትፍ ትፍ ብለው መቁጠሪያቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እትዬ ልዋን ግድግዳውን ተደግፋ «ጭነቱን ላስመልስ ብዬ ነው፣ ቃል ብቻ ነው» እያለች ለራሷ ታወራ ነበር፣ አላመነችውም።

ሐኪሙ ከተባለው ጊዜ ቀድሞ ወጣ። ቀድሞ መውጣቱ መልካም አለመሆኑን ማንም አልነገራትም፣ ግን አወቀች። ጭምብሉን አወረደ። ደግ ፊት ያለው ጎልማሳ ነበር።

«ከፍተን አየነው» አለ። «ማውጣት አልተቻለም፣ ተሰራጭቷል። እኛ በደረጃ ነው የምንከፍለው፤ የእሱ ከሦስተኛው ቀጥሎ ያለው ላይ ደርሷል።»

«ከሦስት ቀጥሎ ስንት ነው ዶክተር?» አለች ልዋን።

ሐኪሙ አሮጊቷን ተመለከተ። አውራ ጣቱን አጥፎ ጣቶቹን ከደረቱ ሥር ለልዋን አሳያት።

«በአፍዎ ይንገሩኝ» አለችው። «ዛሬ በዚህ ነገር ተሳስተናል።»

ሐኪሙ ምን እንደምትል አልገባውም። ግን ፊቷን አየና፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት።

አማቷ ተነሱ። «አንቺ ነሽ የጠራሽው!»

«እማማ፣ ይሄ ነገር እዚያ ከተቀመጠ ዓመት አልፎታል» አላቸው ሐኪሙ። ለእሳቸው ግን የዚያን ቀን ጠዋት ነበር የገባው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዚህ ሐሳብ ፈቀቅ አላሉም፤ የሚያሳዝነው እትዬ ልዋንም ብዙ ጊዜ፣ በተለይ ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ ታምናቸው ነበር። እኔ እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ሰው ጭነት አድኖ፣ ዌንግን አድኖ፣ የማያውቀውን አገር ድልድይ አድኖ፣ ቤቱ ሲገባ ገዳይ ይባላል።

ለጂንቱ እንዳይነገረው ተወሰነ። እንደኛ ልማድ ለታማሚው አይነገርም፤ ቤተሰቡ ይሸከምለታል። ቁስለት ነበር፣ ተጠርጓል፣ ይባላል። ወንድሞቹ መጥተው «ቁስለት ነው» አሉት። ነርሷ «እየተሻለህ ነው» አለችው። የአውቶቡሱ ጓደኞቹ «መሪው ናፍቆሃል» አሉት። እሱ ለሁሉም ሳቀላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ልዋን አብራው ብቻዋን ስትቀር፣ አማቷ ደጅ ሙቅ ውሃ ሲቀዱ፣ አንጓዋን ያዛት።

«ያኛው አልጋ ላይ ያለው ሰውዬ በደረጃ ነው የሚቆጥሩት አለኝ። የእኔ ስንተኛ ነው?»

«ከሦስት…» ብላ ጀመረችና ቆመች።

«ከሦስት ምን?»

«አራት» አለችው።

አማቷ በር ላይ ደርሰው ነበር። የሙቅ ውሃው ብልቃጥ ከእጃቸው ሊወድቅ ለጥቂት ነው። «ይኸው ደገመችው! ፊቱ ላይ ደገመችው!»

«እማዬ» አለ ጂንቱ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያወርድ፣ «ሆዴ ጆሮ የለውም።» ከዚያ ወደ ልዋን ዞረ። «ሰው ሁሉ ሲያታልለኝ ሰንብቶ እኔም ተስማምቼ መሳቁ አድክሞኝ ነበር። በይ ቤቴ ውሰጂኝ።»

በማግስቱ ልንወስደው ሄድን፤ እሱን የሚደግፍ ሰው ያስፈልግ ስለነበር እኔም ነበርኩ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፣ ያ ወፍራም ሰው ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል። ሊፍቱ ውስጥ ገባን። እኛ፣ አንዲት ነርስ፣ አበባ የያዙ የማናውቃቸው ሰዎች። በሩ ተዘጋ። አምስት የሚለው መብራት ጠፋ፣ ሦስት የሚለው ገና አልበራም፤ በመካከሉ ባለው በዚያ ስም በሌለው ቦታ ላይ ጂንቱ አንገቱን ቀና አደረገና በዚያ በድሮው የአውቶቡስ ድምፁ ጮኸ።

«አራት! ወራጅ አለ?»

ነርሷ አበባ ከያዙት ሰዎች ጋር ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እኔ ጫማዬን አየሁ። እትዬ ልዋን ከኋላው ሆና ሁለት እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

«የለም» አለችው። «ንዳው።»